የቦዩ ውሃ፣ ስኳሩና የሰው ጉበት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጉበት፣ ስለ ስብና ስለ ደም መርጋት መናገር የሐኪም እንጂ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም የሚል ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ መኖሩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከአዳማ ከተማ ቁልቁል ወደ ወንጂ የሚወርድ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው ሁሉ የመሐንዲስ እጅ ሥራ ነው፤ ከአዋሽ ውሃ የሚስበው ፓምፕ፣ ውሃውን ለየማሳው የሚያከፋፍለው ቦይ፣ የሌሊቱ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ፣ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ። ከዚሁ መስክ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው በቦዩ ውሃ ውስጥ ተራብቶ በሰው ጉበት ውስጥ ጉዳቱን የሚያደርስ በሽታ ነው። ሁለተኛው በጆንያ ታስሮ ወደ ከተማ የሚጫነውና በየሻይ ብርጭቆው የሚሟሟው ስኳር ነው። የመጀመሪያው የቀን ሠራተኛውን፣ የአትክልተኛውንና በቦይ ዳር የሚጫወተውን ሕፃን ያጠቃል፤ ሁለተኛው ሾፌሩን፣ ነጋዴውንና የቢሮ ሠራተኛውን። ሁለቱም መንገዶች በመጨረሻ የሚገናኙት ደም ላይ ነው፤ አንድም በመፍሰሱ፣ አንድም በመርጋቱ።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 ኤች.ቪ.ኤ. በተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ አማካይነት ሲሆን፣ የወንጂ ሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተከተለው። በመካከሉ በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። ግድቡ የኤሌክትሪክ ኃይል ከማመንጨቱም በላይ፣ ቀድሞ በክረምት እየሞላ በበጋ ይቀንስ የነበረውን የአዋሽን ፍሰት ዓመቱን ሙሉ የተስተካከለ አደረገው። ወንዙም በመገራቱ ከቆቃ በታች እስከ መተሐራና ከዚያም አልፎ ሰፋፊ የመስኖ እርሻ ሊስፋፋ ቻለ። ሁለቱ አሮጌ የወንጂ ፋብሪካዎች ዛሬ ሥራ አቁመው በአዲስ ፋብሪካ ተተክተዋል፤ አገዳውም ከቀድሞው ክልል ወጥቶ ወደ ዶዶታና ወደ ወለንጪቲ አካባቢ ተሻግሯል። ይህን ታሪክ ማኅበሩ በኩራት ሲያወሳው የኖረ ነው፤ የሚገባውም ነው። ጎደሎው፣ ቦዩ ከውሃው ጋር ምን ይዞ እንደመጣ በዚያው የኩራት መዝገብ አብሮ አለመጻፉ ብቻ ነው።

ይዞት የመጣው ቢልሃርዚያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ትሉን በካይሮ ያገኘው በ1851 ነበር። በላይኛው የአዋሽ ሸለቆ፣ ማለትም በወንጂና በመተሐራ፣ የሚገኘው ዓይነት የአንጀትና የጉበት ቢልሃርዚያ የሚያመጣው ሺስቶሶማ ማንሶኒ የተባለው ነው። የፊኛው ዓይነት ግን በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ረግረጋማ ቦታዎች የሚገኝ ነው። በዝዋይ፣ በዛሬ ስሙ ባቱ፣ ሐይቅ ዳር በሚኖሩት ዘንድም የአንጀቱ ዓይነት ይገኛል። የውሃ ሥራ ልማትና የቢልሃርዚያ ስርጭት በአዋሽ ሸለቆ እንዴት እንደተያያዙ ሄልሙት ክሎስ የተባሉት የጂኦግራፊ ሊቅ በ1985 ባሳተሙት ጥናት በሰፊው አሳይተዋል። ጥናቱ በየመስኖ ንድፍ ቢሮው መደርደሪያ ላይ ሊገኝ የሚገባው ነበር።

የትሉ የሕይወት ዑደት ለመሐንዲስ ባዕድ አይደለም፤ የፍሰት ጉዳይ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ሜዳ ላይ ወይም ቦይ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ የሚወጣው ሕያው ነገር በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ባዮምፋላሪያ የተባለውን ትንሽ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ውስጥ ተባዝቶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ጅራታም እጮች ሆኖ ይወጣል። እጮቹ በብዛት የሚወጡት ፀሐይ በበረታችበት በቀትሩ ሰዓት ነው፤ ይኸውም ልጆች የሚዋኙበት፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ሠራተኛው ላቡን የሚታጠብበት ሰዓት መሆኑ ነው። ቁስል አይፈልጉም፤ ጤነኛውን ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ።

በሰውነት ውስጥ ትሎቹ ወንድና ሴት ተቃቅፈው በአንጀት ዙሪያ ባሉት ደም መልሶች ለዓመታት ይኖራሉ። ትሉ ራሱ ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው እንቁላሉ ነው። አንዷ ሴት በቀን በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከዚህ ከፊሉ በአንጀት በኩል ወደ ውጭ ሲወጣ፣ የቀረው በደሙ ፍሰት ተገፍቶ ወደ ጉበት ይሄዳል።

እዚህ ላይ የጉበትን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። በአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ በደቂቃም አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ይቀበላል። ከዚህ ውስጥ ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ የሚመጣው ከልብ በቀጥታ ሳይሆን ከአንጀት፣ ከጨጓራና ከጣፊያ ተሰብስቦ ፖርታል በሚባለው ደም መልስ በኩል ነው። ስለዚህ ጉበት ከወንዙ መሐል እንደተተከለ ማጣሪያ ነው፤ አንጀት የተቀበለው ሁሉ፣ ምግቡም መርዙም፣ በቅድሚያ በእርሱ ያልፋል። የፍሰቱ ግፊት እጅግ ዝቅተኛ ነው። በጉበት መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በጤነኛ ሰው ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም፤ በውሃ ከፍታ ሲለካ ሰባት ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህች ትንሽ ከፍታ የሚሠራ ማጣሪያ የሠራ መሐንዲስ እስካሁን አልተገኘም።

እንቁላሎቹ የሚወተፉት ከማጣሪያው በር ላይ ነው። ሰውነት እያንዳንዱን እንቁላል እንደ ባዕድ ነገር ከቦ ጠባሳ ይሠራበታል፤ ከዓመታት በኋላ በፖርታሉ ቅርንጫፎች ዙሪያ ነጭና ጠንካራ ጠባሳ ይከመራል። ሲመርስ የተባለው ሐኪም በ1904 ይህን ጉበት ቆርጦ ሲያየው፣ ነጭ የሸክላ ፒፓ ዘንጎች የተሰኩበት መሰለው፤ በሽታው እስከ ዛሬ በዚሁ ምሳሌ ይጠራል። የፍሰት ሕግ የሚለው የታወቀ ነው፤ የአንድ ቧንቧ ሬዲየስ በግማሽ ሲጠብ የመቋቋም ኃይሉ 16 እጥፍ ይሆናል። በፖርታሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይወጣል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ደሙም መውጫ ሲያጣ በጨጓራ አፍና በምግብ ቧንቧው ግርጌ ባሉት ቀጫጭን ደም መልሶች በኩል ሌላ መንገድ ይፈልጋል። እነዚህ እንዲህ ያለውን ጫና ለመሸከም የተሠሩ አይደሉም። የግፊቱ ልዩነት 12 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከደረሰ፣ ይኸውም 16 ሳንቲሜትር ያህል የውሃ ከፍታ ማለት ነው፣ ሊፈነዱ ይችላሉ። ሰውየው ለወትሮው ጤነኛ መስሎ ሲሠራ ውሎ ማታ ደም በሳህን ያስታውካል።

በበሽታው ከተያዙት መካከል እዚህ ደረጃ የሚደርሱት ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸው እውነት ነው፤ እነርሱም ለረጅም ዘመን ደጋግመው በብዛት የተለከፉት ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ ከተገኘ ወይም አልኮል ከተጨመረበት ነገሩ ይከፋል። የዓይንን ቢጫ መሆን ሕዝቡ የወፍ በሽታ ይለዋል፤ በቢልሃርዚያ ጉበት ግን ዓይን ሳይቀላ፣ ቢጫም ሳይሆን ግፊቱ ብቻውን ሊያድግ ስለሚችል፣ «ወፍ አልነካኝም» ብሎ መጽናናት አያዋጣም።

ደሙ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ የሚያቆመው ምንድን ነው? ይህ የንግግሩ ዋና ጥያቄ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሮቲኖች፣ ፋይብሪኖጅን፣ ፕሮትሮምቢን፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ዘጠነኛው፣ አሥረኛው ፋክተር እየተባሉ የሚቆጠሩት፣ የሚመረቱት በጉበት ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሲበላሽ ምርቱ ይጎድላል። ከእነዚህም ሰባተኛው ፋክተር በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ በመሆኑ ቀድሞ የሚጎድለው እርሱ ነው። አሜሪካዊው አርማንድ ኩዊክ በ1935 ያወጡት የፕሮትሮምቢን ጊዜ ምርመራ እስከ ዛሬ የጉበት የምርት መቆጣጠሪያ ሆኖ የሚያገለግለውም በዚህ ምክንያት ነው። ባበጠው ጣፊያ ውስጥም ቁስልን ቀድመው የሚደፍኑት ፕሌትሌት የተባሉት የደም ሕዋሳት ተይዘው ይቀራሉ። በቢልሃርዚያ የምርት ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ጉዳቱ የግፊት ነው። በሄፓታይተስና በመጠጥ በጠየመው ጉበት ግን ግፊቱም ምርቱም አብረው ይበላሻሉ።

ለሥራው ቫይታሚን ኬ የተባለው ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። ይህም በጎመንና በሌሎች አረንጓዴ ቅጠሎች ውስጥ በብዛት ይገኛል። ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም ያገኙት ስብ የሌለበት መኖ የሚበሉ ጫጩቶች ደም ሲፈሳቸው ተመልክተው ነበር፤ «ኬ» የሚለው ፊደልም ደም መርጋት ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። ዋርፋሪን የተባለው መድኃኒት ይህንኑ ቫይታሚን ሥራ ያስፈታል። ስለዚህ በልብ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመንን ጨርሶ ከመተው ይልቅ ዘወትር በተመጣጠነ ልክ ቢበላ ይሻለዋል፤ በጾም ጎመን በጎመን ሆኖ በፋሲካ ጨርሶ የሚተወው ግን የምርመራ ውጤቱ ከፍና ዝቅ ሲል ሐኪሙን ማማረር የለበትም።

ወደ ቦዩ ስንመለስ፣ አገራችን በዚህ በሽታ ላይ ለዓለም ያበረከተችው ነገር መኖሩ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች ልብሳቸውን በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። ከዚያች ምልከታ ተነሥቶ በዚያው በአድዋ ለአምስት ዓመታት በተደረገ ሙከራ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ላይ በሽታው ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። በ1966 የተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። እንዶድ በሰፊው መስኖ ላይ የሚጠበቅበትን ያህል ሥራ ላይ አለመዋሉ ግን የሚያስቆጭ ነው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ርካሽና ፍቱን ነው፤ ከ2015 ወዲህም ለተማሪዎች በብሔራዊ ዘመቻ ሲሰጥ ቆይቷል። ነገር ግን ገና ያልጎለመሱትን ትሎች አይገድልም፤ ዳግመኛ ከመለከፍም አይከላከልም። ጠዋት ክኒኑን የዋጠ ልጅ ከሰዓት በኋላ ቦዩ ውስጥ ሲዋኝ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ ቦዩ ባለቤት ይዞራል።

የቦዩ ባለቤት ምን ማድረግ ይችላል? ቀንድ አውጣው በሰከንድ ከ0.3 ሜትር በላይ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ተጣብቆ ለመኖር ይቸገራል። ስለዚህ ተዳፋቱ የተስተካከለ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለበጠና አረም የሌለበት ቦይ ለውሃ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን ለጉበትም ይጠቅማል። የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬ ዳሩ ጠለቅ ብሎ ቀጥ ያለና የታጠረ ሊሆን ይገባል፤ ሳር የበቀለበት ለጥ ያለ ዳር የቀንድ አውጣ ማሳ ነው። እጩ ከቀንድ አውጣው ከወጣ በኋላ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም፤ በመሆኑም ቀንድ አውጣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ ለ48 ሰዓት የተጠራቀመ ውሃ ለመታጠቢያ አይጎዳም። ይህ ያለ አንዳች ኬሚካል፣ በሁለት ገንዳና በአንድ መዝጊያ የሚሠራ ነገር ነው። በየማሳው መሐል መጸዳጃ፣ በየሰፈሩ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣ ቦዩን ሳይረግጡ የሚሻገሩበት ድልድይ ያስፈልጋል። እነዚህ ከጠቅላላው የመስኖ ወጪ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። የሚሰረዙትም በዋጋቸው ሳይሆን «የጤና ጥበቃ ጉዳይ ነው» ተብለው ነው፤ ጤና ጥበቃ ደግሞ ቦይ አይነድፍም። በዚህ በኩል የወንጂ ውሃ ሌላም ትምህርት አለው፤ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ የብዙ ሰዎችን ጥርስና አጥንት ጎድቷል። ሸሽተው ከጉድጓዱ ወደ ቦዩ የሚሄዱ ሰዎች ከአጥንት በሽታ ወደ ጉበት በሽታ ይሻገራሉ። የአዳማ ከተማ የአዋሽን ውሃ አጣርቶ መጠጣቱ የተሻለው መንገድ ይህ መሆኑን ያሳያል።

አሁን በጆንያ ወደ ተጫነው ስኳር እንለፍ።

ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ግሉኮስን ጡንቻም አእምሮም ይጠቀሙበታል፤ ፍሩክቶስን ግን በብዛት የሚቀበለው ጉበት ነው። ጉበት ከሚያስፈልገው በላይ ሲመጣበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። የሚንቀሳቀስ ሰው ያቃጥለዋል፤ የሚቀመጥ ሰው ያጠራቅመዋል። ከጉበት ሕዋሳት ከመቶ 5 የሚሆኑት ስብ ከቋጠሩ ጉበቱ የሰባ ይባላል። ዱለት ሲከተፍ ያየ ሰው ጤነኛ ጉበት ጥቁር ቀይ መሆኑን ያውቃል፤ የሰባው ግን ወደ ቢጫ ያደላና የወዛ ነው። የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ1980 መጠጥ በማይጠጡ ሰዎች ላይ እንደ ጠጪ ጉበት ሰብቶ የተቆጣ ጉበት አግኝተው ስም አወጡለት። በ2023 ደግሞ ስሙ ተለውጦ ከሰውነት የምግብ አጠቃቀም መዛባት ጋር እንዲያያዝ ተደረገ። ዛሬ በዓለም ላይ ከአሥር አዋቂዎች ሦስቱ ያህል እንዳለባቸው ይገመታል።

አዳማ ለዚህ በሽታ የተመቻቸች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጅቡቲ መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ የከባድ መኪና፣ የምግብ ቤትና የንግድ ከተማ ናት። ቀድሞ በጋሪ የሚታወቁት መንገዶቿ ዛሬ የባጃጅ ሆነዋል፤ አጭሩን መንገድ እንኳ በእግር የሚሄድ ጥቂት ነው። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተሳቢ የሚነዳ ሾፌር በበረሃው ሙቀት ለረጅም ሰዓት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሲደክመው ጫት ይቅማል፤ ምሬቱን በለስላሳ ወይም ስኳር በበዛበት ሻይ ያበርዳል። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው መመሪያ የቀኑ ሁሉ ልክ ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ይመክራል። ጫቱም ራሱን ችሎ ጉበት ሊጎዳ እንደሚችል በሐረር የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል።

የሰባ ጉበት የሚያስገርመው ነገር፣ ከጠየመው ጉበት በተቃራኒ ደምን ወደ መርጋት እንዲያዘነብል ማድረጉ ነው። ፋይብሪኖጅንና ስምንተኛው ፋክተር ይበዛሉ፤ የረጋን ደም የሚያሟሟውን ሥራ የሚገታው ፒ.ኤ.አይ. 1 የተባለው ፕሮቲንም እንዲሁ። ስለሆነም ጉበቱ የሰባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በጉበቱ ሳይሆን በልብና በደም ሥሮች ሕመም ነው። በ1856 ፊርኾ የተባለው ጀርመናዊ ለደም መርጋት ሦስት ምክንያት ቆጥሮ ነበር፤ የፍሰት መዘግየት፣ የቧንቧው ግድግዳ መጎዳትና የፈሳሹ ራሱ መለወጥ። በተሳቢው ወንበር ላይ ያለው ሾፌር የመጀመሪያውን በመቀመጡ፣ ሦስተኛውን በጉበቱና በውሃ ጥሙ አሟልቷል።

እዚህ ላይ ባልደረቦች ሊጠነቀቁት የሚገባ አንድ የተሳሳተ አነጋገር አለ። ጉበቱ የተጎዳ ሰው የፕሮትሮምቢን ጊዜው ረዝሞ ሲገኝ «ደምህ ቀጭን ነው፤ አይረጋብህም» ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። ጉበት የሚሠራው የሚያረጉትን ብቻ ሳይሆን መርጋትን የሚገቱትንም፣ ፕሮቲን ሲን፣ ፕሮቲን ኤስንና አንቲትሮምቢንን ነው። ሁለቱም ወገን አብሮ ሲጎድል ሚዛኑ እኩል መስሎ ይቆማል፤ ነገር ግን በቀጭን አውታር ላይ ነው። ምርመራው የሚያነበው አንዱን ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ያው ሰው ዛሬ ሊደማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በፖርታሉ ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል።

ለሰባ ጉበት የሚደረገው ሕክምና ቀላል ነው፤ አስቸጋሪነቱም በዚሁ ነው። ከክብደት ከመቶ 5 ሲቀነስ ስቡ ይቀንሳል፤ ከ7 እስከ 10 ሲቀነስ ቁጣው ይበርዳል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ክብደት ባይቀንስም እንኳ ከጉበት ስብ ያነሣል። በየቡናውና በየሻዩ የሚጨመረውን ማንኪያ መቁጠር ገንዘብ አያስወጣም። አልትራሳውንድ የሰባውን ጉበት ያሳያል፤ ሆኖም ስኳርና የደም ግፊት ሳይለኩ ጉበት ብቻ አይቶ መመለስ ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

ለመንገድ ነዳፊዎችም ድርሻ አለ። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ተሳቢ በአግባቡ ቆሞ፣ ሾፌሩና ረዳቱ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ወርደው የሚራመዱበት፣ ንጹሕ ውሃ የሚጠጡበትና ጥላ የሚያገኙበት ማረፊያ በንድፉ ላይ ከመጀመሪያው ሊሣል ይገባል። ሾፌሩ ከወንበሩ ሲወርድ አንድ እግሩ ብቻውን አብጦና ሞቆ ቢያገኘው፣ ድካም ነው ብሎ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማሳሸት የለበትም። በእግሩ ውስጥ የረጋው ደም ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትንፋሹ በድንገት ያጥረዋል፣ ደረቱንም ይወጋዋል። እንዲህ ያለው ሰው በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ መኪናውን ረዳቱ ወይም ሌላ ሾፌር ያቁመው።